ደንቆሮ ጫካና የከተማችን ጉልቻ

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ከተማ በአካባቢው ላለው ብዝኀ ሕይወት ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ርእሱ በተነገረን ጊዜ ለመካነ ሰላም የሚስማማ አልመሰለንም ነበር። «ከተማ» ሲባል ደሴን ወይም አዲስ አበባን እናስባለን እንጂ፥ ጧት ከአንደኛው ጫፍ ተነሥተን ፀሐይ ሳትበረታ ሌላው ጫፍ የምንደርስበትን ይህን ከተማ አናስብም። ነገሩን እየመረመርን ስንሄድ ግን ሐሳባችን ተገለበጠ። ትልቁ ከተማ በዙሪያው የነበረውን ጫካ ከጨረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጫካ በአጠገቡ የቀረለት ትንሽ ከተማ ግን ገና የሚያድነው ነገር አለው። እንግዲህ ጥያቄው ከማንም አስቀድሞ የሚመለከተው እኛን ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንግለጠው። በአንድ አገር የሚበቅለው ዛፍና ሣር፥ የሚኖረው አውሬና ወፍ፥ ገበሬው ከአባቱ ተቀብሎ የሚዘራው የእህል ዘር፥ ይህ ሁሉ ከነልዩ ልዩነቱ በአንድነት ብዝኀ ሕይወት ይባላል። ቃሉ አዲስ ነው፤ ነገሩ ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን በስም በስሙ ለይተው ሲያውቁት የኖረ ነው። አገራችንም በ1986 ዓ.ም. የዓለምን የብዝኀ ሕይወት ስምምነት አጽድቃ ይህን ሀብት ለመጠበቅ ቃል ገብታለች። ቃሉን የገባው መንግሥት ነው፤ የሚፈጸመው ግን በየሰፈሩ ነው።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለውን ደጋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። የአማራ ክልል በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ሲከልለው ስፋቱ 4,375 ሄክታር ነበር። በኋላ ሌላ ደጋ ተጨምሮበት ከ15,000 ሄክታር በላይ ሆኗል፤ ስሙም ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ተብሏል። መሬቱ ከ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ስለሚወጣ፥ መንገደኛው በወይራና በጽድ ጀምሮ፥ በኮሶና በአምጃ አልፎ፥ አስታ ከበቀለበት ይደርሳል። ከዚያም በላይ ጓሳና ጅብራ ያለበትን ውርጫማ ሜዳ ያገኛል። በዚህ ውስጥ ነብር አለ፤ ጉሬዛ አለ፤ የምኒልክ ድኩላ አለ፤ በገደሉ ላይ ሰስ አለ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም አሉ። እነዚህ ሁለቱ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

ስለ ቀይ ቀበሮ ጥቂት እንጨምር። በአገራችን ተራሮች ሁሉ ቢቆጠር ለአካለ መጠን የደረሰው ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም። እነሱም በአንድ ላይ የሚኖሩ አይደሉም፤ እንደ ባሕር ደሴት በተለያዩ ተራሮች ላይ ተበታትነው ነው። ከአባይ ማዶ በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ ዛሬ የለም። በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳም ነበረ፤ ዛሬ የለም። በእኛ ደጋ ግን እስካሁን ድረስ ቆይቷል። እንግዲህ የምንናገረው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም። ጎረቤት ያጣውን፥ እኛም ልናጣው ስለምንችለው ነገር ነው።

ስለዚህ ጫካ ጉዳት በተነሣ ቁጥር በከተማችን የሚሰማው ንግግር አንድ ዓይነት ነው። «ገበሬው ቆረጠው፤ ገበሬው ከብቱን አሰማራበት፤ ገበሬው አረሰው» ይባላል። ቆረጣውም፥ ልቅ ግጦሹም፥ የእርሻው መስፋፋትም እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ብቻውን ሲነገር የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ ይሆናል። ገበሬው እንጨቱን ሁሉ እቤቱ አያነደውም፤ ይሸጠዋል። ገዢውስ ማን ነው? ገዢው ከተማው ነው፤ ገዢው እኛ ነን። ዛሬ ልናስረዳችሁ የምንፈልገው ዋና ነገር ይኸው ነው፤ የተራራው ጫካ ዕድል የሚወሰነው ከተራራው ላይ ብቻ ሳይሆን ከከተማው ጉልቻና ከከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ነው። «ደንቆሮ» በቋንቋችን የማይሰማ ማለት ነው። ጫካው ስሙን ተሸክሟል እንጂ፥ እስከ ዛሬ ያልሰማነው እኛ ነን።

ከጉልቻው እንጀምር። በገበያ ቀን እንጨት ተሸክመው ወገባቸው ጎብጦ የሚገቡትን እናቶችና ልጃገረዶች ሁላችንም እናያለን። ሸክሙ ሲወርድ የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብቻ ነው። «ከየት የመጣ ነው? ወይራ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ከራስሽ ማሳ ነው ወይስ ከጫካ?» ብለን አንጠይቅም። እኛም ተማሪዎቹ ከዚህ ነጻ አይደለንም። በተከራየነው ቤት ሻይ ስናፈላ፥ በበዓል ቀን ቡና ሲፈላልን የሚነደው ከሰል የምን ዛፍ እንደነበረ ጠይቀን አናውቅም። ጠላ ጠማቂዋ ጋኗን የምታጥንበት ወይራ፥ ጎረቤታችን ለአጥር የሚያቆመው ጽድ፥ ሁሉም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ የመጣ ነው።

ለዚህ ነገር ከራሳችን ታሪክ ታላቅ ምሳሌ አለን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙ ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አለቀ። እንጨት ፍለጋ የሚሄደው ሰው መንገዱ በየዓመቱ ይረዝም ጀመር። ዐፄ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ግንብ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ካለችበት ያቆያት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ የሚያድግ፥ ተቆርጦ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ዛፍ በመሆኑ የማገዶውን ችግር አቃለለ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ከተማ ማገዶውን ካልተከለ ጫካውን ይበላል፤ ጫካው ሲያልቅም ወይ ይሰደዳል ወይ ይተክላል። አዲስ አበባ የተከለችው ጫካዋ ካለቀ በኋላ ነው። መካነ ሰላም ግን ጫካዋ ሳያልቅ መትከል ትችላለች።

በባሕር ዛፍ ላይ የሚሰነዘረውን ነቀፌታ እናውቃለን፤ ነቀፌታውም ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ ነገር በደንብ አይበቅልም፤ ለወፉና ለአውሬው እንደ ወይራና እንደ ጥቁር እንጨት ቤትና ምግብ አይሆንም። ስለዚህ ከምንጭ አጠገብና ከወንዝ ዳር ሊተከል አይገባም፤ በፓርኩ ውስጥማ ፈጽሞ ሊገባ አይገባውም። ሆኖም ለከተማው ማገዶ በተለየ ቦታ ሲተከል የሀገሩን ዛፍ ከምሳር ያድናል። ባሕር ዛፍን ከመስደብ ይልቅ ቦታውን ለይቶ መስጠት ይሻላል እንላለን።

ከመትከሉ ጋር ማዳንም አለ። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ለምጣዱ ሳይሆን ለነፋስ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻው ጋር ሲመዛዘን የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። በአንድ ቤት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን እንጀራ የማይጋገርበት ቤት ስለሌለ፥ ምድጃው በየቤቱ ቢገባ የሚተርፈው ጫካ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመናል፤ ዘለነው ብናልፍ ራሳችንን ማታለል ይሆንብናል። ነገ ከተማው በሙሉ «ከጫካ የመጣ እንጨት አንገዛም» ቢል፥ ያቺ ሸክም ይዛ የምትመጣው እናት ምን ትብላ? እሷ ጫካውን የጠላች ሴት አይደለችም። ሌሊት ተነሥታ የምትወጣው ለልጆቿ ጨውና ዘይት መግዣ ነው። እርስዋን ሌባ ብለን፥ ራሳችንን የተማርን ብለን ብንቀመጥ ፍርዱ አድሏዊ ይሆናል። ከእንጦጦ የምንማረው አለ። ከዚያ ተራራ ለአዲስ አበባ እንጨት ሲሸከሙ የኖሩ ሴቶች የቀድሞ ሴቶች እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር በሚባል ማኅበር ተሰባስበው ሽመና ተምረው፥ ጋቢና ነጠላ እየሸጡ ለመኖር በቅተዋል። ሁሉም እንጨት መሸከም አልተዉም፤ ነገር ግን መንገድ መኖሩ ታይቷል። በእኛም ከተማ የችግኝ ጣቢያ ሥራ፥ የምድጃ ሥራ፥ ከራስ ማሳ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ማገዶ ሽያጭ ለእነዚህ እናቶች አስቀድሞ ሊሰጥ ይገባል። እንጨቱን ከመከልከል በፊት እንጀራውን ማሰብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ውሻ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ውሻና ብዝኀ ሕይወት ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኛም ሥቀን ነበር። ነገር ግን ቀይ ቀበሮን ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ነው። ሁለቱም ወደ ቀበሮው የሚደርሱት ከቤት ውሻ ነው። በባሌ ተራሮች በ1984 ዓ.ም. አካባቢና እንደገና በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። በኋለኛው ጊዜ በሽታው በገባባቸው መንጎች ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። በባሌ ብዙ ቀበሮ ስለነበረ ዘሩ ተረፈ። በእኛ ደጋ ያለው ቁጥር ግን በጣም ጥቂት ስለሆነ፥ እንዲህ ያለ በሽታ አንድ ጊዜ ቢገባ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል።

ውሻውስ ከየት ይመጣል? የእረኛው ውሻ አለ፤ የገበያ መንገደኛን ተከትሎ ከከተማ የሚወጣ ውሻም አለ። የከተማ ውሻ የሚበዛው ከየሥጋ ቤቱ የሚጣለው አጥንትና አንጀት፥ ከየጓሮው የሚደፋው ትራፊ ሲቀልበው ነው። በየከተማው የተለመደው መድኀኒት በሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጎ መጣል ነው። ይህ ግን በሽታውን አያጠፋም። የሞተውን ውሻ ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ይይዘዋል፤ የተመረዘውን ጥንብ የበላ ጥንብ አንሣም አብሮ ይሞታል። ጥንብ አንሣ ደግሞ ያለ ደመወዝ ከተማችንን የሚያጸዳ ሠራተኛ ነው። የሚበጀው ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው 70ው ከተከተበ የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል። ይህን ስናደርግ የምናድነው ቀበሮውን ብቻ አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚነከሰውን ታናሽ ወንድማችንንም ነው። አንድ መርፌ ለከተማውም ለተራራውም ይበቃል።

ቀይ ቀበሮ ለገበሬው ጠላት አለመሆኑንም ልብ እናድርግ። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ እነዚህ ደግሞ የገብሱ ተካፋዮች ናቸው።

አሁን «ይህን ሁሉ የሚያደርገው መንግሥት ነው» የሚል ይኖራል። መንግሥት የሚገባውን ማድረግ አለበት። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በክልላችን የደረሰው የሰላም መደፍረስ እንዳሳየን፥ የመንግሥት ክንድ በሚላላበት ጊዜ ጥበቃ ሁሉ ጠባቂው ላይ ብቻ ከተጣለ አብሮ ይላላል። የሚጸናው ሰው በልማዱ ያደረገው ነገር ነው። ከእኛ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ለዚህ አስረጅ ነው። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት የጓሳውን ሣር ሲጠብቅ ኖሯል። ሜዳው ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል፤ ደንቡን ያፈረሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የቄሮ ሥርዓት ከነባሩ የመሬት ሥሪት ጋር ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ሐሳቡን አልጣለውም፤ በኋላ ሥርዓቱን በአዲስ መልክ አቋቁሞ ጓሳውን ዛሬም ይጠብቃል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም እዚያው አሉ።

እንዲህ ያለ ልማድ በእኛም ዘንድ ፍንጩ አልጠፋም። በወሎ ገጠር ስትሄዱ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታያችሁ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወይም መስጊድና የሼኾች መካነ መቃብር ነው። ጽዱና ወይራው በዚያ የቀረው ሕዝቡ «ይህን አልነካም» ስላለ ነው። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ለብዙ ዓመታት መርምረው፥ ዋናው ችግር የከብት መግባት መሆኑን አሳይተዋል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ችግኝ አያድግም፤ ሽማግሌ እንጂ ልጅ የሌለበት ቤት ሆኗል። ከዚያም ካህናቱና ሕዝቡ ከየማሳው የተለቀመ ድንጋይ ሰብስበው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። ካቡ ከብቱን ከለከለ፤ ችግኙም ብቅ አለ። በገንዘብ ብዛት የሆነ ነገር አይደለም፤ ድንጋይና ስምምነት ነው። በከተማችን ያሉት አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም የዘር ዛፍ መጠበቂያ ሊሆኑልን ይችላሉ። አዲስ አበባም ብትሆን ወደዚህ ሐሳብ ተመልሳለች፤ ከተማዋና ዩኒቨርሲቲው በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፀዋት ማእከል በባሕር ዛፉ ቦታ የሀገር ዛፍ እየተካ ነው።

ስለ እህል ዘርም አንድ ቃል እንበል። የደጋችን ገብስ ብዙ ዓይነት ነው፤ ለቆሎ የሚሆነው፥ ለጠላ የሚሆነው፥ ውርጭ የሚችለው በየስሙ ይታወቃል። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፀዋት ዘር ማእከል፥ በተለይ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፥ የገበሬውን ዘር በመጋዘን ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም ለማቆየት የሠራው ሥራ በዓለም የታወቀ ነው፤ ወሎም ከሥራው ቦታዎች አንዱ ነበር። ከተማው የሚገዛውን ዘር ገበሬው ይዘራል። እኛ ጥቁሩን ገብስ መጠየቅ ስንተው እርሱም መዝራቱን ይተዋል።

ከአገራችን ውጭም ነገሩ አዲስ አይደለም። ናይሮቢ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ በደጃፏ የአንበሳና የአውራሪስ ፓርክ ይዛ ትኖራለች። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በሞንትሪያል መንግሥታት በተስማሙበት የብዝኀ ሕይወት ዕቅድ ውስጥም ከተሞች የሚመለከቱበት ግብ ለብቻው ተጽፏል። እነሱ ስለ ታላላቅ ከተሞች ሲያስቡ፥ እኛ ስለ ትንሹ ከተማችን የምናስብበት ምክንያት ከላይ የተናገርነው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለኅብረታችን አራት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፥ እኛ ተማሪዎች በምንኖርበትና በምንመገብበት ቤት ሁሉ እንጨትና ከሰል ሲገዛ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ፤ በጋራ ተከራይተን የምንኖር ደግሞ ገንዘብ አዋጥተን ለቤታችን ምርጥ ምድጃ እንግዛ። ሁለተኛ፥ ከወረዳው የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግረን በዓመት አንድ የውሻ ክትባት ቀን እንዲኖር እንጠይቅ፤ ሰፈር ለሰፈር እየዞርን ሕዝቡን የምንጠራው፥ ውሻውን የምንመዘግበው እኛ እንሁን። ማዘጋጃ ቤቱም የሥጋ ቤት ትራፊ የሚቀበርበትን ጉድጓድ እንዲያዘጋጅ እንለምን። ሦስተኛ፥ ካህናቱንና ሼኾቹን አስፈቅደን ከግቢያቸው የወይራ፥ የጽድ፥ የኮሶና የጥቁር እንጨት ዘር ለቅመን በትምህርት ግቢያችን ትንሽ የችግኝ መደብ እንጀምር። አራተኛ፥ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የወላጆቻችንን የዘር ስም፥ የሚዘራበትንና የሚወደድበትን ምክንያት ጽፈን እንመለስ።

አንድ ጓደኛችን ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ሰምቶ፥ «እኛ እኮ ጥቂት ዓመት ኖረን የምንሄድ ነን፤ ኮሶ ተክለን በጥላው አንቀመጥም» አለን። እውነቱን ነው። ነገር ግን ዛሬ በየደብሩ ያለውን ጽድ የተከለው ሰው በጥላው አልተቀመጠም። እኛ ብንሄድም ኅብረቱ አይሄድም፤ በየዓመቱም አዲስ ተማሪ መጥቶ እንጀራ ይጋገርለታል፥ ቡና ይፈላለታል። ምድጃችን ከዛሬው የተለየ ከሆነ እርሱ የሚያነደውም የተለየ ይሆናል።

ከዚህ ስብሰባ ስትወጡ ወደየቤታችሁ የምትሄዱት በእንጨት መሸጫው በኩል ነው። ከመንገዱ ዳር የተቀመጠችውን እናት ሰላም በሉና እንጨቱ ከየት እንደመጣ በትሕትና ጠይቁ። እርስዋ የምትመልስላችሁ መልስ ከእኛ ንግግር የበለጠ ያስተምራችኋል።